ወንዝና ሐይቅ ሲሞላ ባስን የትና በምን ማጥመድ ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

ውሃ ሞልቶ ዳሩን ሲያልፍ ባስ የተባለውን አዳኝ ዓሣ የሚያጠምድ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ዘንጉን ሰቅሎ ውሃው እስኪጠራ ይጠብቃል፣ ወይ ውሃው በልኩ ሳለ ዓሣ ያገኘበት ቦታ ሄዶ ባዶ ውሃ ላይ ሲወረውር ይውላል። ሙላት ባስን ከቦታው ያነሣዋል፤ የሚሄድበትን አቅጣጫ ግን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ከዚህ በታች የቀረቡት ምርጫዎች ዳር ወይስ ውስጥ፣ ወንዝ ወይስ ሐይቅ፣ ጂግ (መንጠቆው ከከባድ ራስ ጋር የተሠራ ማባበያ) ወይስ ስፒነርቤይት (የሚሽከረከር የብረት ቅጠል ያለው ማባበያ)፣ የተጎነጎነ ክር ወይስ ፍሎሮካርቦን (ነጠላ ሰው ሠራሽ ክር)፣ ጀልባ ወይስ እግር የሚሉ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አንደራደርም፤ የማባበያ ሳጥን የሚከፈተው የውሃው ሁኔታና ቦታው ከተወሰነ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ውሃው እየወጣ ነው፣ ቆሟል ወይስ እየወረደ?

እንደደረሳችሁ ውሃና መሬት የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ቀጭን ጭራሮ ትከሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ጭራሮውን እስክታዩ ድረስም ዳሩ ብዙ ይናገራል። ውሃው እየወጣ ከሆነ ጠርዙ ላይ ያለው ሣር ጭቃ አልነካውም፣ ደረቅ ቅጠልና አረፋ ወደ መሬቱ ተጠግቶ ይንሳፈፋል፣ ጉንዳንና ፌንጣ ወደ ሣሩ ጫፍ ይሸሻል። እየወረደ ከሆነ ደግሞ ግንዶች ላይ ከውሃው በላይ እርጥብ የጭቃ ቀለበት ይታያል፤ ቅርንጫፍ ላይ ጉድፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ባስ በብዛት በሚጠመድባት አሜሪካ ይህን ከቤት ሳይወጡ ማወቅ ይቻላል። ዩኤስጂኤስ የተባለው የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በወንዞች ላይ ባሉት መለኪያ ጣቢያዎች የተመዘገበውን የውሃ ከፍታና የፍሰት መጠን በኢንተርኔት ያወጣል፤ ግድብ ያላቸውን ሐይቆች የሚያስተዳድሩት የሠራዊቱ መሐንዲሶች ጓድና የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣንም (ቲቪኤ) የሐይቁን ከፍታና ከግድቡ የሚለቀቀውን ውሃ ያሳውቃሉ። መታየት ያለበት የዛሬው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ያለፉት ሦስት ቀናት መስመር ወዴት እንደሚያመራ ነው። ሁለት ሜትር ሞልቶ አሁንም እየወጣ ያለ ሐይቅና ሁለት ሜትር ሞልቶ መውረድ የጀመረ ሐይቅ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም አጠማመዳቸው ለየቅል ነው።

እየወጣ ያለ ውሃ ለአጥማጅ ለጋስ ነው። አዲስ የተሸፈነው መሬት የምድር ትል፣ ፌንጣ፣ ጢንዚዛ ይለቃል፤ ትናንሽ ዓሦችና ክሬይፊሽ የሚባሉት ባለ መቆንጠጫ የውሃ እንስሳት ያንን ተከትለው ይወጣሉ፤ ባስም ይከተላቸዋል። ላርጅማውዝ የሚባለው አፈ ሰፊ ባስ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ፣ ትናንት ሰው ይሄድበት በነበረ ሣር መሃል ቢገኝ አይገርምም። በዚህ ጊዜ ከጠርዙ ርቆ ጥልቁን መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው። ማባበያው ደረቁ መሬት አጠገብ ይውደቅ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይሳብ። ዓሣው እየተንቀሳቀሰ ስለሚመገብ የሚጓዝ ማባበያ ከሚቆመው ይሻላል።

ውሃው ከፍ ብሎ ሲቆም ነገሩ ይከብዳል። ባሱ በሰፊው ይበተናል፤ ከጠርዙ ይልቅ ወደ ቁጥቋጦው ሆድ፣ ወደ ዛፉ ግንድ ሥር ይገባል። ዳርዳሩን እየነኩ ማለፍ አይበቃም፤ እያንዳንዱን ቁጥቋጦ ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ መፈተሽ ያስፈልጋል። ለጂግና ለቴክሳስ ሪግ (ክብደቱ ከፊት፣ መንጠቆው ላስቲክ ውስጥ የተደበቀ ማባበያ) የሚሆነው ጊዜ ይኸው ነው። ሙቀት ባለበት ወቅት ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ ሣርና ቅጠል ለብዙ ቀናት በሞቀ፣ በማይንቀሳቀስ ውሃ ሥር ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ውሃው እንደ ሻይ ጠቁሮ ሽታ ካመጣ፣ ትናንሽ ዓሦችም አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲተነፍሱ ካያችሁ ቁጥቋጦው ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። ባሱ ወደሚንቀሳቀስ ውሃ፣ ወደ ገባር መግቢያ ወጥቷል።

መውረድ ሲጀምር ባስ አይዘገይም። በአንድ ሌሊት አንድ ስንዝር ቢቀንስ ትናንት ሞልቶ የነበረው የቁጥቋጦ ሆድ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዓሣው ወደ መጀመሪያው ገደል፣ ማለትም መሬቱ ድንገት ወደሚጠልቅበት መስመር ይመለሳል፤ የሚቆመው ከሥሩ ጥልቅ ውሃ ባላቸው የውጭ ቁጥቋጦዎች ላይ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ደግሞ ማፍሰሻው ነው፦ ከተጥለቀለቀ ሜዳ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቦይ፣ በመንገድ ሥር የሚያልፍ ቱቦ፣ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለ ስርጥ። ውሃው ትናንሽ ዓሦችን እየጠረገ ያወጣል፤ ባሱ ከፍሰቱ ጎን፣ ረጋ ባለው ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ማባበያው ወደ ላይ ተወርውሮ ከውሃው ጋር ይውረድ፤ ከታች ወደ ላይ የሚሳብ ማባበያ ዓሣው ምግብ ከሚጠብቅበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይመጣል። ጀልባ የሌለው ሰው አንድ ቀን ብቻ መምረጥ ቢኖርበት ውሃው መውረድ የጀመረበትን ቀን ይምረጥ፤ ቱቦና ቦይ በእግር ይደረስባቸዋል።

ለዚህ ሁሉ አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። የውሃው ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆንበት የመራቢያ ወቅት ወንዱ ባስ ጎጆውን ይጠብቃል። ውሃው በፍጥነት አንድ ሜትር ቢጨምር አንዳንዱ ወንድ ጎጆውን ጥሎ ወደ አዲሱ ዳር አይሄድም፤ አሁን ጥልቅ በሆነው በቀድሞው ዳር ላይ ይቀራል። በዚህ ወቅት አዲሱ ዳር ዝም ካለ የድሮውን ዳር መስመር ፈትሹ።

ወንዝ ወይስ ሐይቅ?

ሁለቱም ቅርብ ከሆኑ፣ ዝናቡም ገና ካባራ፣ ሐይቁን ምረጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወንዝ ሲሞላ ፍሰቱም ቀለሙም ሙቀቱም አብሮ ይለወጣል፤ ሐይቅ ሲሞላ ግን በአብዛኛው የሚለወጠው ከፍታው ነው፣ ድፍርሱም በአንድ ጊዜ ሁሉንም ቦታ አይደርስም። ሐይቅ ዘግይቶ ይሞላል፣ ዘግይቶ ይወርዳል፤ በጎርፍ መከላከያ ግድብ የተያዘ ሐይቅ ከፍ እንዳለ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በአሜሪካው ኬንታኪ ሐይቅ፣ ለምሳሌ፣ በቅዝቃዜውና በሙቀቱ ወራት መካከል ሆን ተብሎ የሚደረገው የከፍታ ልዩነት 5 ጫማ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ የሚጨመረው ከዚያ በላይ ነው። እዚያ ያሉ ቁጥቋጦዎች ውሃ የሚያገኙት በዚያ ከፍታ ስለሆነ ባስ አጥማጁ ሙላቱን በጉጉት ይጠብቀዋል።

ሐይቅ ላይ ዋናው ምርጫ የላይኛው ጫፍ ወይስ ግድቡ አካባቢ የሚለው ነው። ድፍርሱ የሚገባው ከላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት ነው፤ ወደ ግድቡ ለመድረስ ቀናት ይወስድበታል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከድፍርሱ ሸሽታችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ቀዝቃዛና ድፍርስ ውሃ አንድ ላይ ሲመጡ ባሱን ያደነዝዙታል። ዝናቡ ሞቃት፣ ሐይቁ ደግሞ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ የገባሮቹ መግቢያ ከዋናው ሐይቅ በሁለትና በሦስት ዲግሪ ሞቆ ሊገኝ ይችላል፣ ባስም ወደዚያ ይሰበሰባል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ከዓሣ መፈለጊያ ስክሪን የማይተናነስ ዕቃ ነው። የውሃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ጠርዙን ትታችሁ ገደል የሚጠጋ ዳር ላይ በዝግታ ሥሩ።

ወንዝ ከተመረጠ ጥያቄው ዓሣው ከፍሰቱ የሚሸሸው የት ነው የሚል ይሆናል። ላርጅማውዝ በፍሰት መታገል አይወድም፤ ወደ ገባሮች፣ ወደ ተኛ ውሃ፣ ወንዙ ትቶት ወደሄደው የድሮ መታጠፊያ ይገባል። እነዚህ የተቆረጡ መታጠፊያዎች ሲናቁ ያሳዝናል፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጅ ፔሪ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የያዘውና እስከ ዛሬ በዓለም ክብረ ወሰንነት የተመዘገበው፣ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ (ከ10 ኪሎ ትንሽ በላይ) የመዘነው ላርጅማውዝ የወጣው ሞንትጎመሪ ሐይቅ ከሚባል የኦክመልጊ ወንዝ የድሮ መታጠፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማናቡ ኩሪታ ክብረ ወሰኑን የተጋራው ግን በጃፓን ትልቁ ሐይቅ፣ በቢዋ ነው፤ ወንዝና ሐይቅ እዚህ ላይ እኩል ወጥተዋል።

ስሞልማውዝ፣ አፈ ጠባቡ፣ ከወንዙ አይወጣም። ዳሩን ታክኮ፣ ከትልቅ ድንጋይ ኋላ፣ ከድልድይ ምሰሶ ሥር፣ በመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ይደበቃል። ውሃ ከዳርና ከወለል ጋር ሲፋተግ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ኃይለኛ በሚመስል ወንዝ ውስጥ እንኳ ከዳሩ አንድ ሜትር ባልሞላ ርቀት ዓሣ የሚቆምበት ዝግ ያለ ጠባብ መስመር አለ። የውሃው መሃል ላይ የሚወረወር ማባበያ ከሥራ ውጭ ነው።

የትኛው ገባር ይሻላል? ትንሹ። የሚሰበስበው መሬት ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይጠራል። ከደን የሚመጣ ገባር ከታረሰ መሬት ከሚመጣው ይቀድማል። የጠራው ገባርና ቡናማው ወንዝ ሲገናኙ ውሃው ላይ ጥርት ያለ የቀለም ድንበር ይሠራሉ፤ ጀልባው ከድፍርሱ ጎን ቆሞ ማባበያው በድንበሩ ትይዩ፣ በጠራው ጎን በኩል ይሳብ። ድንበሩን አቋርጦ የሚወረወር ማባበያ ጥሩ ቦታ ላይ የሚቆየው ለአንድ አፍታ ብቻ ነው።

ቀለሙን መለካት

ነጭ ማባበያ ከዘንጉ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ውሃው አውርዱ። ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ወርዶም ከታየ የተለመደውን አጠማመድ ብዙ መለወጥ አያስፈልግም። ከ30 እስከ 60 ባለው ውስጥ ከጠፋ ውሃው ቀለም ይዟል፤ ለባስ ግሩም ነው፣ አጥማጁን አያይም፣ ማባበያውን ግን ያገኛል። ከ15 በታች ከጠፋ ዓሣው የሚመራው በዓይኑ ሳይሆን በአብዛኛው በጎኑ ባለው ንዝረት የሚሰማ መስመር ነው፤ ማባበያው ትልቅ፣ ውሃ የሚገፋ፣ ዝግ ያለ ይሁን፣ አፍንጫው ሥር ይውደቅ። በእንዲህ ያለ ውሃ አንዱን ቁጥቋጦ አንድ ጊዜ ነክቶ ማለፍ ዓሣ ትቶ መሄድ ነው፤ አራትና አምስት ጊዜ መጣል ይገባል።

የማባበያው ቀለም የሚያሳስባችሁን ያህል ዓሣውን አያሳስበውም። በድፍርስ ውሃ ጥቁርና ሰማያዊ ድብልቅ ጥላው ጎልቶ ይታያል፤ ወደ ቢጫ የሚያደላው ብሩህ አረንጓዴ ከነጭ ጋር ለስፒነርቤይት ይሆናል። ከዚህ በላይ ቀለም መምረጥ ሳጥን ያከብዳል።

ማባበያ፦ የትኛው ለየትኛው

ስፒነርቤይት ውሃው እየወጣ ሲሆን ቀዳሚ ምርጫችን ነው። ሽቦው ከመንጠቆው በላይ ስለሚያልፍ በቁጥቋጦ መካከል ሳይያዝ ይሹለከለካል። ድፍርስ ውሃ ላይ የብረት ቅጠሉ ክብ፣ ኮሎራዶ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ በዝግታ ሲሳብም ብዙ ንዝረት ይሰጣል። ረጅሙና ሹሉ የዊሎው ቅጠል ብልጭታው ብዙ፣ ንዝረቱ ትንሽ ስለሆነ ለጠራ ውሃና ለፈጣን አሳሳብ ይተው። ክብደቱ ከ10 እስከ 14 ግራም ይበቃል። እያንዳንዱን እንጨት ሆን ብላችሁ አስነኩት፤ እንጨቱን እንዳለፈ ለግማሽ ሰከንድ መሳብ ስታቆሙ ወደታች ይወርዳል፣ ብዙው ንክሻ የሚመጣውም ያኔ ነው። የተለመደው ስህተት ፍጥነት ነው፤ ቅጠሉ ሲሽከረከር ዘንጉ ላይ ካልተሰማችሁ ቅጠሉ ላይ ሣር ተጠምጥሟል፣ ከተሰማችሁ ከዚያ በላይ አታፍጥኑት።

ቻተርቤይት የሚባለው ባለ ምላስ ጂግ ንዝረቱ ከስፒነርቤይት ይበልጣል፤ በሰመጠ ሣር ላይ ተወዳዳሪ የለውም። መንጠቆው ግን ገላጣ ስለሆነ ጭራሮ ውስጥ ሲገባ ይያዛል። ሣር ከሆነ እሱን፣ እንጨት ከሆነ ስፒነርቤይቱን።

አራት ማዕዘን ምላስ ያለው አጭር ጠላቂ ክራንክቤይት እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይጠልቃል፤ ግንድና ድንጋይ ላይ እየተጋጨ ሲያልፍ ባስን ያስቆጣል። ሲጋጭ መሳቡን ካቆማችሁ ተንሳፍፎ ከእንጨቱ ይላቀቃል። ቅጠል ያለው ለምለም ቁጥቋጦና የሚንሳፈፍ ጉድፍ ግን በየውርወራው ያሰናክሉታል። ለወንዝ ዳር ድንጋይና ለወደቀ ግንድ ያዙት፤ ለተጥለቀለቀ ሜዳ ሳጥን ውስጥ ይቆይ።

ሆዱ ባዶ የሆነው የጎማ እንቁራሪት የሚሠራው ውሃው ሲሞቅ፣ ከ18 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ሣር ወይም የተጠራቀመ ጉድፍ ውሃውን ሲሸፍን ነው። ውሃው ሲፈነዳ አትምቱ (መንጠቆውን ለማስገባት ዘንጉን በኃይል አትሳቡ)፤ ክብደቱ ዘንጉ ላይ እስኪሰማችሁ ጠብቁ።

ዋናው ፉክክር ግን በጂግና በቴክሳስ ሪግ መካከል ነው፤ ውሃው ቆሞ ዓሣው ሲደበቅ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ወደ ቁጥቋጦው ሆድ በወጉ የሚገባ የለም።

ጂግ ወፍራም አካል አለው፤ ከኋላው ክሬይፊሽ መሰል ላስቲክ ሲጨመርበት በድፍርስ ውሃ በደንብ ይሰማል፣ በቀዝቃዛ ውሃም ዝግ ብሎ ይወርዳል። መንጠቆው ከላስቲኩ ውጭ ስለሆነ ሲመታ ቶሎ ይገባል። ድክመቱ ቀጭን ጭራሮ ነው፤ ቀሚሱ (ዙሪያውን የሚንጠለጠሉት የላስቲክ ክሮች) እና ራሱ ይጠላለፋሉ። የመንጠቆ መከላከያ ፀጉሮቹ ከመደብር ሲወጡ ጠንካሮች ናቸው፤ ጫፋቸውን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ ግራና ቀኝ በተኗቸው፣ አለበለዚያ ዓሣው ነክሶ መንጠቆው ሳይነካው ይቀራል።

ቴክሳስ ሪግ ቀጭን ነው፤ ጥይት መሰል ክብደት ከፊት፣ የመንጠቆው ጫፍ ላስቲኩ ውስጥ የተደበቀ። ጂግ በማይገባበት ጠባብ ቀዳዳ ይገባል፣ በሣርም ውስጥ ያልፋል። ሲዘጋጅ መጀመሪያ የጎማ ማቆሚያ ክሩ ላይ ይገባል፣ ቀጥሎ ክብደቱ፣ ከዚያ መጠኑ 4/0 የሆነ ቀጥ ያለ መንጠቆ ይታሰራል፤ መጨረሻ ማቆሚያው ክብደቱን ገፍቶ ከላስቲኩ ጋር ያጣብቀዋል። ማቆሚያው ከሌለ ክብደቱ ቅርንጫፍ አልፎ ሲወርድ ላስቲኩ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አጥማጁም ወለል የነካ መስሎት ይጠብቃል። አንድ ነገር እዚህ ላይ በጥንቃቄ ይታይ፦ ክሩ በመንጠቆው ዓይን የሚገባው ከመንጠቆው ሹል ጎን በኩል ሆኖ፣ በአንገቱ ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ዙር ተጠምጥሞ ይታሰራል። ትክክል መሆኑን ለማወቅ ክብደቱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ክሩን ሳቡ፤ የመንጠቆው ሹል ወደ ውጭ መፈንጠር አለበት። ወደ ክሩ ከታጠፈ የገባበት ጎን ተሳስቷል፣ ፍቱት።

ክብደት ለመምረጥ መነሻው 14 ግራም ነው። ክፍት ለሆነ ቁጥቋጦና ለቀዝቃዛ ውሃ 10 ይሻላል፣ አወራረዱ ስለሚዘገይ። ለጥቅጥቅ ቁጥቋጦና ፍሰት ላለበት 21 ያስፈልጋል። የተጠራቀመ ጉድፍ ወይም የሣር ምንጣፍ በስቶ ለማለፍ ከ28 እስከ 42 ግራም የሚመዝን ተንግስተን የተባለ ብረት ይጠይቃል፤ እርሳስ በዚያ ክብደት በጣም ስለሚወፍር አይበሳም። ቀላል ሁልጊዜ የተሻለ የሚመስላቸው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረን ማባበያ ሲያወዛውዙ ይውላሉ።

በፍርዳችን ወፍራም ግንድና ቀዝቃዛ ውሃ ሲሆን ጂግ፣ ቀጭን ጭራሮ፣ ሣርና ሞቃት ውሃ ሲሆን ቴክሳስ ሪግ ያሸንፋል። አንዱን ብቻ የሚይዝ ሰው ቴክሳስ ሪጉን ይያዝ።

አጣጣሉም ልክ አለው። በድፍርስ ውሃ ከሦስት እስከ ስድስት ሜትር ድረስ መጠጋት ይቻላል፤ ዓሣው አያያችሁም፣ ጀልባ እንጨት ሲመታ ግን ይሰማዋል። መጀመሪያ የቁጥቋጦው ጠርዝ፣ ቀጥሎ መሃሉ፣ መጨረሻ ግንዱ ሥር። ማባበያው ሳይንቦጫረቅ ይግባ፤ ክሩ ሳይወጠርም ሳይረግብም ይከተለው። አንድ ሜትር ጥልቀት ባለበት ቦታ ክሩ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ከቆመ ወይ ቅርንጫፍ ነው ወይ ዓሣ፤ ሁለቱንም ምቱ። ክሩ ሸርተት ብሎ ወደ ጎን ከሄደ ጥርጥር የለውም። ወለል ከነካ ለአምስት ሰከንድ ያህል አቁሙት፣ አንዴ ከፍ አድርጋችሁ ጣሉት፣ ከዚያ አውጡት፤ ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ብቻ ረዘም አድርጉት። ዓሣው ሲያዝ ዘንጉ ወዲያው ወደ ላይ ይሂድ፤ ግንድ ለመዞር አንድ ሰከንድ ይበቃዋል። ከዞረ አትጎትቱ፣ ጀልባውን ወደሱ ውሰዱ።

ክርና ዘንግ

ድፍርስ ውሃ ላይ ክር ይታያል አይታይም የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም። የሚለያቸው የሚነኩት ነገር ነው። የተጎነጎነው ብሬይድ (23 ወይም 29 ኪሎ የሚችል፣ ማሸጊያው ላይ 50 እና 65 ፓውንድ ተብሎ የሚጻፈው) ሣርን እየቆረጠ ያልፋል፣ አይለጠጥም፤ ለሣር፣ ለእንቁራሪትና ለጉድፍ ምንጣፍ ሌላ አማራጭ የለም። እንጨት ላይ ግን ቅርፊቱን እያረሰ ይገባና ይቀረቀራል። ከ9 እስከ 11 ኪሎ የሚችል ፍሎሮካርቦን በእንጨት ላይ ይንሸራተታል፤ ለቁጥቋጦ የምንመርጠው እሱን ነው፣ ዋጋውም በየጊዜው መፈተሽ ነው። ከእያንዳንዱ ዓሣና ከእያንዳንዱ መቀርቀር በኋላ የመጨረሻውን ሁለት ሜትር በጥፍራችሁ መሃል አሳልፉት፤ ሻካራ ከሆነ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። ጂግና ሌሎች ማባበያዎች በብሬይድ ሲታሰሩ የፓሎማር ቋጠሮ ይሁን፤ ብሬይድ በሌላ ቋጠሮ የመሾለክ ልማድ አለው።

ዘንጉ ለጂግና ለቴክሳስ ሪግ 2.2 ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ፣ ለስፒነርቤይት 2.1 ሜትር መካከለኛ ጠንካራ። ለመጀመሪያው ሪሉ (የክር መጠቅለያው) 7 ወይም 8 ለ1 የሚጠቀልል፣ ማለትም እጀታው አንዴ ሲዞር ጥቅሉ 7 ወይም 8 ጊዜ የሚዞር፣ ፈጣን ይሁን፣ ዓሣውን ከቁጥቋጦ ለማውጣት። ለስፒነርቤይት ከ5 እስከ 6 ለ1 የሚጠቀልል ዝግተኛ ይሻላል፤ ፈጣን ሪል ይዞ በዝግታ ለመሳብ መሞከር ከልማድ ጋር መታገል ነው።

ጀልባ፣ ካያክ ወይስ እግር?

ባለ ሞተር ጀልባ ብዙ ቦታ ያዳርሳል፤ በሙላት ጊዜ ግን ግማሽ የሰመጠ ግንድ ሞተሩን እስከነመያዣው ሊነቅል ይችላል። በዝግታ ንዱ፣ የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነታችሁ ላይ እሰሩ፤ በአሜሪካ ከ26 ጫማ ባነሱ ጀልባዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ያዛል። ፍሰት ባለበት መልሕቅ የሚጣለው ከፊት ብቻ ነው፤ ከኋላ ወይም ከጎን የታሰረ ጀልባ ላይ ውሃው ገብቶ ያሰምጠዋል። ተጥለቅልቀው በማይታዩ አጥሮች ላይ ያለ እሾሃማ ሽቦም አለ። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር የኤሌክትሪክ መስመሮች ወደ ዘንጋችሁ ይቀርባሉ።

ካያክ የተባለው ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ በቆመ ሐይቅ ላይ ከሁሉ ይሻላል፤ ጀልባ በማይገባበት የተጥለቀለቀ ዛፍ መካከል ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። በሞላ ወንዝ ላይ ግን አይሞከርም። ውሃ እያለፈበት ሰው የማያሳልፍ የወደቀ ዛፍ ካያኩንም ቀዛፊውንም ቅርንጫፉ ላይ አጣብቆ ይይዛል፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት እንኳ ከዚያ አያወጣም።

በእግር ማጥመድ በቱቦና በቦይ ላይ ከጀልባ ይበልጣል። ችግሩ ዳሩ ነው፦ ውሃ የጠጣ ገደል ከሥሩ ተቦርቡሮ ከላይ ጠንካራ ይመስላል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ወደ ውሃው አትግቡ። 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ጎርፍ ትልቅ ሰውን ይጥላል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይወስዳል፤ ወደ ጥሩው ቱቦ የሚወስደው መንገድ ውሃ ከተሸፈነ ሌላ ቱቦ ፈልጉ። በደቡባዊ አሜሪካ ደግሞ እሳት ጉንዳኖች ተያይዘው ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ቡናማ ምንጣፍ የሚመስለውን ነገር በዘንግ አትንኩት። የጎርፍ ውሃ ከፍሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል ቁስል ይሸፈን፣ ከመብላት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ወንዙ ሙሉ ግንድ ተሸክሞ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም ከላይ ያለው ግድብ ውሃ መልቀቅ መጀመሩ ከተነገረ፣ በወንዝና በሐይቅ መካከል የሚመረጥ ነገር የለም፤ ሐይቅ ሂዱ። ሐይቁም የጀልባ መውረጃው ከተዘጋ የተከልነውን ጭራሮ እየተመለከቱ ውሃው መውረድ እስኪጀምር መጠበቅና በመጀመሪያው ቀን ቱቦው አፍ ላይ መገኘት ይሻላል።